እንቆቆ ለቀበሮ

በበሽታው ዓመት ሙስካት ውስጥ ሥራዬ የቀበሮ እዳሪ መልቀም ነበር። ለእናቴ በስልክ ስነግራት ግን እንዲህ አላልኳትም። «ከአንድ ዶክተር ጋር እየሠራሁ ነው» አልኳት። እናቴ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ስልኩን ሳትዘጋ ለጎረቤቷ ስትናገርም ሰማኋት።

«ልጄ ሐኪም ቤት ገባ።»

«ታሞ ነው?» አለች ጎረቤቷ።

«ምን በወጣው! ተቀጥሮ ነው እንጂ!»

ድምጿ ውስጥ ከብዙ ጊዜ በኋላ ትንሽ ደስታ ነበረበት። ስለዚህ አላረምኳትም።

በእኛ አገር የእንስሳ እዳሪ ሁሉ ስም አለው። የላም እበት ነው፣ የአህያ ፋንድያ ነው፣ የፍየል በጠጥ ነው፣ የዶሮ ኩስ ነው። ለቀበሮ ግን ስም ያወጣለት አላውቅም። ማን ለቅሞት ያውቃል? እኔ ግን ለቅሜው ዐወቅሁት። እንደ ትንሽ ጣት ነው፣ ጫፉ ይሾላል። ውስጡ የተምር ፍሬ፣ የዓሣ አጥንት፣ አንዳንዴም ጠጉር ይገኝበታል። ድመት የራሷን ትቀብራለች። ቀበሮ ግን ከፍ ያለ ድንጋይ ትመርጥና ከላዩ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ መንገደኛ ሁሉ እንዲያይላት።

እንዴት እዚህ ሥራ ላይ እንደደረስኩ ልናገር።

ሙስካት የመጣሁት እህቴ ስላለች ነው። እህቴ ዳርሰይት የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ባልቴት ቤት ለብዙ ዓመት ሠርታለች። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ስቀመጥ አስመጣችኝና ሆቴል አስገባችኝ፤ ሳህን አጥብ ነበር። በሽታው ሲመጣ ሆቴሉ ተዘጋ። እህቴ ባልቴቷን ለመነችልኝ። የሾፌሩ ክፍል ባዶ ነበረና እዚያ ገባሁ። አትክልት ያጠጣል፣ ከባድ ነገር ያነሣል ተባለ። አትክልቱ ሦስት ዛፍ ነው። ከባድ ነገር ደግሞ አልነበረም።

ከዚያ እህቴ ማሳል ጀመረች። አምቡላንስ መጣ። በራሷ እግር ሄዳ ገባች። ከመግባቷ በፊት «ሩዙ እንዳያርርብህ፣ ጋዙን አጥፋው» አለችኝ። አጠፋሁት። ከሆስፒታል አልተመለሰችም። ስትቀበር እኔና የባልቴቷ ልጅ ብቻ ከሩቅ እንድንቆም ተፈቀደልን። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን መጻፍ አልቻልኩም። ሞክሬ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ወደ ቀበሮዋ ልሂድ።

ዳርሰይት ቤቱ ሲያልቅ ድንጋዩ ይጀምራል። ከኩሽናችን በር ጀርባ ራቁቱን የቆመ ተራራ ነው። መኪናው ሲቀንስ፣ መንገዱ ጸጥ ሲል፣ ቀበሮዎቹ ወርደው በፀሐይ ብርሃን መታየት ጀመሩ። አንዷ ግን የእህቴ ነበረች። የእህቴ ስል፣ ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ በሩ ላይ ትመጣለች፣ እህቴ የተረፈውን ትሰጣታለች፣ በልታ ትሄዳለች። ቀጭን ናት። ጆሮዋ ከፊቷ ይበልጣል።

እህቴ ካረፈች በኋላም መጣች። በሩን ስከፍትላት በእግሬ መካከል አጮልቃ ወደ ውስጥ አየች። ማንም አልነበረም። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ሆቴል እያለሁ ዋናው ምግብ አብሳይ ዛሬ አልገባም ሲባል እንግዶቹ እንዲህ ነበር የሚያዩን። ቢሆንም ሩዙን በላች። በማግሥቱም መጣች።

እህቴን የሚያውቅና ስለ እሷ ምንም የማይለኝ ፍጥረት እሷ ብቻ ነበረች። ሰው ሁሉ «አላህ ይርሐማት» ይለኛል፤ እኔ «አሚን» እላለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም የምንለው ይጠፋናል። ከቀበሮዋ ጋር ይህ ችግር የለም። እሷ ትበላለች፤ እኔ አያለሁ።

አረፋ ደረሰ። ዘመድ ተሰብስቦ እንዳያርድ ተከልክሏል። ባልቴቷ፣ እኔ «ማማ» ነው የምላት፣ እሷ «ወልዲ» ትለኛለች፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ አንድ ፍየል አስመጣች። ልጇ ፎቅ ላይ ሆኖ ከዘመዶቹ ጋር በቪዲዮ ኢድ ሙባረክ ይባባላል። ልጇ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው። ፍየሉን ያረድኩት እኔ፣ የገፈፍኩትም እኔ ነኝ። እስከዚያ ድረስ ጥሩ ሄደልኝ።

ጉበቱን ሳወጣ ጫፉ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። ትንሽ ፊኛ ይመስላል፤ ውስጡ ውሃ ነው። ሳንባው ላይም ሁለት ነበር። በእኛ አገር ይህ ጥያቄ የለውም። ደህናው ለሰው፣ የተበላሸው ተቆርጦ ለውሻ። ሳንባማ ደህናም ቢሆን የውሻ ነው። አባቴ እንዲህ ያደርጋል፤ ባለ ሥጋ ቤቶቹም እንዲህ ያደርጋሉ። እዚህ ቤት ውሻ የለም። ስለዚህ በሩን ከፍቼ ለቀበሮዋ ወረወርኩላት። በዓል ነው፣ እሷም ይድረሳት አልኩ።

ወዲያው ከላይ ጩኸት ሰማሁ። ዶክተሩ በመስኮት አይቶኛል። ዲሽዳሻውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ በባዶ እግሩ፣ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ወጣ። ዘመዶቹ በስልኩ ውስጥ አሁንም «ኢድ ሙባረክ» ይላሉ። «ላ! ላ! ላ!» እያለ ቀበሮዋን ወደ ተራራው አሳደዳት። በዚያ ወር ድንጋዩ ጫማ ያቀልጣል። አምስት እርምጃ ሮጠ። ከዚያ መዝለል ጀመረ። ከዚያ እየዘለለ ተመለሰ። ቀበሮዋ ከላይ ሆና ሳንባውን ዋጠች፣ ጉበቱን አስከተለች፣ አፏን ላሰች።

«ምን እንደሰጠሃት ታውቃለህ?» አለኝ።

«የተበላሸውን ነው» አልኩ። «ደህናውን ለማማ አስቀምጫለሁ።»

ኩሽና ገብቶ እግሩን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሮ አስረዳኝ። በዚያ ፊኛ ውስጥ የትል ዘር አለ። ውሻ፣ ተኩላ ወይም ቀበሮ ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። ከሩዝ ፍሬ ያንሳል፤ ግን ብዙ ነው። እንስሳውን እምብዛም አያመውም። አርባ ቀን ካለፈ በኋላ እንቁላሉ ከእዳሪው ጋር ይወጣል፤ ሣር ላይ፣ አፈር ላይ፣ የእንስሳው ጠጉር ላይ ይቀራል። ፍየል ከሣሩ ጋር ትበላዋለች። ሰው ደግሞ ካልታጠበ እጁ፣ ካልታጠበ ቅጠል ይወስደዋል። ያኔ ሰው ጉበት ውስጥም እንዲህ ያለ ፊኛ ያድጋል፤ በቀዶ ሕክምና እስከ መውጣት ይደርሳል።

«ኮሶ ነዋ!» አልኩ። ደስ አለኝ። ኮሶማ አውቃለሁ። አጎቴ ጥሬ ሥጋ ስለሚወድ ኮሶ አይለየውም። መድኃኒቱን የጠጣ ቀን ሥራ አይገባም፤ አለቃውም ምን ሆንክ ብሎ አይጠይቀውም። ይህን ሁሉ ለዶክተሩ ነገርኩት።

«ያ ሌላ ነው» አለኝ። «ያ የበሬው ነው፤ ሰው አንጀት ውስጥ የሚኖር፣ ረጅሙ። ይህ ትንሹ ነው።»

«ረጅሙን ካስወጣን ትንሹ ምን ያቅተናል?»

ዶክተሩ እኔን አየ፤ ቀጥሎ ባልዲውን አየ።

ከዚያ አንድ ነገር ልጠይቀው ፈለግሁ። «እህቴ... እሷም ትመግባት ነበር። በዚህ ይሆን እንዴ?»

«አይደለም» አለ። «የእህትህ የዚህ ዓመት በሽታ ነው፤ የሰው ሁሉ። ቀበሮዋ የለችበትም።»

ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።

ቀጥሎ ግን የማልወደውን ነገረኝ። መሥሪያ ቤቱ በእነዚያ ወራት ከየተራራው የቀበሮና የባለቤት አልባ ውሻ እዳሪ እየሰበሰበ ይመረምር ነበር፤ ትሉ የቱ ጋ እንደተስፋፋ ለማወቅ። ሰው በሚኖርበት አጠገብ እንቁላል ከተገኘ እንስሳውን ይወስዱታል።

«ወዴት?»

ዶክተሩ ጣሪያውን አየ። «ወደ ኋላ አይመልሱትም» አለ።

«መድኃኒት የለውም?»

«አለ፤ ኪኒን ነው። ኪኒኑ መጋዘን ነው ያለው፣ መጋዘኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ያለው ሰውዬ ኳራንቲን ገብቷል።»

እዳሪ የሚሰበስቡለት ሰዎችም እንዲሁ ቤታቸው ተዘግቶባቸዋል። ስለዚህ ዳርሰይትን ለእኔ ሰጠኝ። ሥራ ያገኘሁት በዚህ ዓይነት ነው። ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። የራሷን እዳሪ ለቅሜ፣ በራሷ ላይ ማስረጃ ላመጣ ነው። ያውም ሳንባውን የሰጠኋት እኔው። አርባ ቀን አለኝ።

አጥር ለአጥር የምትኖር የአገሬ ልጅ ነበረች፤ የእህቴ ጓደኛ ናት፤ ወሎ አንድ ወረዳ ነን። ከቤት መውጣት ስለማይፈቀድላት በግንቡ ላይ ነው የምናወራው፤ እሷ ከባልዲ ላይ ቆማ፣ እኔ ከድንጋይ ላይ።

«እትዬ፣ እንቆቆ አለሽ?» አልኳት። እንቆቆ ኮሶን የሚያስወርድ ፍሬ ነው፤ ከአገር ስንወጣ እናቶቻችን ከበርበሬው ጋር ይከቱልናል።

«ወይ ጉድ! ጥሬ ሥጋ ከየት አግኝተህ ነው ያለ እኔ የበላኸው?»

«ለእኔ አይደለም። ለቀበሮዋ ነው።»

አንገቷን በግንቡ ላይ አስረዘመች። «ለእህትህ ቀበሮ?»

«አዎ። ኮሶ ይዟታል።»

«ወላሂ፣ ይቺስ ከእኔ በላይ ሐበሻ ሆነች!» ከባልዲው ወረደች። ስትመለስ ፍሬውን በላስቲክ ቋጥራ በመወልወያ እንጨት ጫፍ ላይ አንጠልጥላ አቀበለችኝ፤ ርቀታችንን ለመጠበቅ ነው። «ልኩን ግን አላውቅም። እናትህን ጠይቅ።»

እናቴን ጠየቅሁ።

«ሐኪም ቤት ተቀምጠህ እንቆቆ ትጠይቀኛለህ?» አለች።

«ዶክተሩ ነው የፈለገው፣ እማ።»

እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንግዲያው ጻፍ» አለች። «አንደኛ ነገር፣ ባዶ ሆድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምስ።»

ቀበሮ እንዴት ይጾማል? ይህን እናቴን መጠየቅ አልቻልኩም። በማግሥቱ በጠዋት የማማን አበባ ያለበት ጃንጥላ ይዤ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ቀበሮዋ ከዚያ እንዳትበላ። እሷም መጣችና ፊት ለፊቴ፣ ከድንጋይ ጥላ ሥር ተቀመጠች። እኔ ቦታዬን ከለቀቅሁ ትበላለች፤ ስለዚህ እኔም ሳልበላ ዋልኩ። አላፊ አግዳሚው ያየናል። አንድ ሰውዬ መኪናውን አቁሞ መስኮቱን ዝቅ አደረገና «ኩሉ ታማም?» አለኝ። «ታማም» አልኩት። እኔ፣ ጃንጥላውና ቀበሮዋ ደህና መሆናችንን አይቶ ሄደ።

ዐስር ሲደርስ ከዓሣ አጥማጆቹ መንደር ከሲዳብ የመጣ ሰርዲን በተፈጨ እንቆቆ ለውሼ አቀረብኩላት። ቀረበች። አሸተተች። ዞረች፣ ዝቅ አለች፣ ሸናችበት። ሆቴል ውስጥ ምግብ ሲመለስ ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ ሆኖ ሲመለስ ግን አላየሁም።

ማማ ከመስኮት ሆና ስታይ ነበር። «ወልዲ፣ መራራ ማን ይበላል? ተምር አድርግላት» አለችኝ። ነገሩን ሁሉ ነግሬያት ነበር፤ እሷም ቀበሮዋ እንድትወሰድ አልፈለገችም። ለምን እንደሆነ አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በማግሥቱ የተምሩን ፍሬ አወጣች፣ በቅቤ አሸች፣ የቀረውን እንቆቆ በሙሉ ጨመረችበት፣ እንደ እንቁላል አስኳል እያድቦለቦለች ሳህን ላይ ደረደረች። ሰሊጥም ነሰነሰችበት። ለቀበሮ ሰሊጥ ምን ያደርጋል? ማማ ግን እንግዳ ባይመጣላትም እጇ ልማዱን አልተወም።

እስኪጠጥር ጠረጴዛው ላይ ትተነው ለሶላት ገባን። ስንመለስ ዶክተሩ ቆሞ ጣቱን ይልሳል። ሳህኑ ላይ አንድ ቀርቷል።

«ማማ፣ ዛሬ ምን ጨመርሽበት?» አለ። «ጉሮሮ ትንሽ ይይዛል። ግን ጥሩ ነው።»

እኔና ማማ ተያየን።

«ሄል ነው» አለች ማማ። ሐቀኛ ሴት ናት። ስትዋሽ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ዶክተሩ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር በኮምፒውተር ስብሰባ ነበረው። አንድ ጊዜ ይቅርታ ብሎ ተነሣ። ደግሞ ተነሣ። በሦስተኛው ይቅርታም ሳይል ሮጠ። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። ዝም ብል እንደሚሻል አውቃለሁ፤ ግን አላስቻለኝም።

«ዶክተር፣ ይቅር ይበሉኝ። እንቆቆ ነው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

በበሩ በኩል ሁሉንም ነገርኩት። ውሃ ሲለቀቅ ተሰማ።

«የቀበሮዋን መድኃኒት ነው የበላሁት?»

«የእሷን ብዙ እጥፍ ነው።»

«እኔ ትል የለብኝም!»

«አሁንማ በርግጠኝነት የለብዎትም» አልኩት። ላጽናናው ብዬ ነው፤ ወላሂ።

ማማ ኩሽና ውስጥ የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ትንቀጠቀጣለች። የምታለቅስ መስሎኝ ሮጬ ሄድኩ። እየሳቀች ነበር። እኔም ሳቅሁ፤ ግድግዳ ይዤ ሳቅሁ። እህቴ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ የተሰማው ያኔ ነው። ከዚያ ትዝ አለኝና አፈርኩ። ማማም እንዳፈርኩ አየች መሰለኝ፤ «እሷ ብትኖር መሬት ላይ ትወድቅ ነበር» አለችና ዓይኗን ጠረገች። እውነቷን ነው። እህቴ ቆማ መሳቅ አትችልም ነበር።

ዶክተሩ ሲወጣ ፊቱ አመድ ሆኗል። «የቀረችውን አንዷን የት አደረግሃት?» አለኝ።

«ለቀበሮዋ አስቀምጫታለሁ።»

«ጣላት። እኔን እንዲህ ካደረገኝ እሷን ይገድላታል።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ላድናት ብዬ ለትንሽ ነው ያልገደልኳት። አንዷን ኳስ ወስጄ በወረቀት ጠቅልዬ ጣልኩ።

ዶክተሩ ያን ቀን ለመጋዘኑ ሰውዬ ሰባት ጊዜ ደወለ። ምን እንዳለው አላውቅም። ሰውዬው ቁልፉን በመስኮት ወረወረለት፤ ዶክተሩ የመንቀሳቀሻ ፈቃዱን ይዞ ሄዶ ኪኒኑን አመጣ። በዶሮ አንገት ውስጥ ደብቀን ሰጠናት። ቀበሮዋ አንገቱን ሳታኝክ ዋጠችው። እኔና ዶክተሩ ጓንት ያደረገ እጃችንን ልንጨባበጥ ዘረጋንና ክልክል መሆኑ ትዝ ብሎን ክርናችንን አጋጨን።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ተራራው ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ለቀምኩ። ማስክና ጓንት አድርጌ፣ በረዶ ያለበት ሳጥን ተሸክሜ ስሄድ ማንም አይገረምም፤ በዚያ ዓመት ሰው ሁሉ እንደ እኔ ነበር የሚለብሰው። አንድ ፖሊስ ብቻ አቁሞኝ ሳጥኑን ክፈት አለኝ። ከፈትኩ። ዝጋ አለኝ። ዘጋሁ። ሌላ ጥያቄ አልነበረውም።

አርባው ቀን አለፈ፣ ሌላም ሳምንት ተጨመረ። ዶክተሩ አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ሲመለስ ከመኪናው ሳይወርድ አውራ ጣቱን አሳየኝ። በእኛ በኩል ካለው ተራራ የመጣው ንጹሕ ነው። ማንም አይወስዳትም። በደስታ አትክልቱን ሁለት ጊዜ አጠጣሁ።

ዶክተሩ ግን ወርዶ አጠገቤ ቆመ። «ስማ» አለኝ። «ኪኒኑ የበላችውን ያስወጣል እንጂ ነገ የምትበላውን አይከለክልም። ሰው በር ላይ ከለመደች ሌላ ሰው ሌላ ሳንባ ይጥልላታል። አንዱ አይቷት ይደውላል፤ መጥተው ይወስዷታል። ተራራዋ ላይ ከቀረች ግን ማንም አይነካትም።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ምግብ ኻላስ። ስትመጣ አባርራት። ያለዚያ አትተርፍም።»

ለማማ እንዲነግርልኝ፣ እሷ እንድታባርራት ጠየቅሁት። እናቱ ጉልበቷን እንደሚያማት ነገረኝ። እሱስ? እግሩን አሳየኝ።

ዐስር ላይ መጣች። በሩ ላይ ባዶ እጄን ቆምኩ። አጨበጨብኩ፤ ተቀመጠች። ትንሽ ጠጠር ወደ ጎን ወረወርኩ፤ ሄዳ አሸተተችው፣ የሚበላ መስሏት። «ሂጂ!» አልኳት። «ሂጂ ከዚህ! ምን ትፈልጊያለሽ?» ጆሮዋን አቆመችና ሁለት እርምጃ ወደ እኔ ቀረበች።

«በአማርኛማ አትሄድልህም» አለች ጎረቤቴ ከግንቡ በላይ። ባልዲዋ ላይ ቆማ ታያለች። «እህትህ ከዐስር እስከ መግሪብ በአማርኛ ነበር የምታጫውታት። ‹ነይ እስቲ እቴ፣ ዛሬ ምን ሰማሽ?› እያለች። ይቺ የሰፈሩን ሐሜት ሁሉ ታውቃለች። የአንተንም ሳትሰማ አትቀርም።»

ይህን አላውቅም ነበር። ስለ እኔ ምን አለቻት ብዬ ልጠይቅ ፈለግሁ። ግን ቀበሮዋ እየቀረበች ነበር።

ስለዚህ በዐረብኛ ጮህኩባት። ዐረብኛዬ ከኩሽናና ከሆቴል ጓዳ የተለቀመ ነው። «ያላ!» አልኩ። «ማፊ! ማፊ አክል! ኻላስ!» ሂጂ፣ ምግብ የለም፣ አበቃ ማለቴ ነው፤ አምስተኛ ቃል አልመጣልኝም፤ እነዚያኑ መልሼ መላልሼ ጮህኩ። መጥረጊያ አነሣሁ። ድምፄ የእኔ አይመስልም። ቀበሮዋ ቆመች። ማን እንደሆንኩ የምታጣራ ይመስል ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ዞረች። አልሮጠችም፤ ቤቱ ተሳስቶበት እንደመጣ ሰው ቀስ ብላ ወደ ድንጋዩ ወጣች። ጎረቤቴ ከባልዲዋ ወረደች።

በማግሥቱም መጣች፣ በማግሥቱም ጮህኩ። በስድስተኛው ቀን በሩን ከፍቼ ብጠብቅ አልመጣችም። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪባል ቆሜ ቆየሁ።

«ሄደች?» አለች ማማ ከውስጥ።

«ሄደች፣ ማማ።»

«በሩን ዝጋው እንግዲህ፤ የኤሲው ቀዝቃዛ አየር ወጣ።»

ትንሽ ቆየሁና ዘጋሁት።